የጣና ጀልባና አስጎብኚ ሥራ ልሸጥ ነው፤ ዋጋውን በምን ላውጣ?

ባሕር ዳር ያለ፣ ዘጌንና የዓባይን መውጫ በጀልባ የሚያስጎበኝ ሥራ ነው። ሁለት ባለ 12 ሰው የብረት ጀልባ፣ ሁለት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተርና 24 የሕይወት አድን ጃኬት አለው። አንዱ ሞተር እምቦጭ ውስጥ ገብቶ የውኃ መሳቢያው ተደፍኖ ግሎ ነበር። የውኃ ፓምፑን ጎማ ቀይሬ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለካሁ፤ በሁሉም እኩል ነው፣ በጎን የምትወጣው ቀጭን የማቀዝቀዣ ውኃም አሁን አትቆራረጥም።

ሁለት ገዢዎች መጥተው ነበር። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የውጭ እንግዳ ጠፍቷል ብለው ከብረቱና ከሞተሩ በላይ አንድ ብር አልጨምር አሉ። ንግድ ፈቃዱስ ይሁን፣ ገዢው በራሱ ስም ያወጣል። ግን የአዲስ አበባ አስጎብኚዎች ውል፣ የዘጌውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች በሦስት ቋንቋ የሚያስረዳ ልጅ፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ እንግዳው ሳይሳፈር የሚናገር ካፒቴን፣ ይህ ሁሉ በባዶ የሚሰጥ አይደለም። ለሦስት ዓመት ከገቢው 10 በመቶ ይከፈለኝ ብልም እምቢ አሉ። አሁን የያዘን በበዓል ሰሞን የሚመጣው የአገር ውስጥ መንገደኛ ነው።

ሥራውን የገዛችሁ ወይም የሸጣችሁ፣ የስሙንና የደንበኛውን ዋጋ ከግጭቱ በፊት በነበረው ገቢ ላስላው ወይስ ባለፉት ሁለት ዓመታት?