ጉግል ሚት በተጋበዝኩበት የሥራ ኢሜይል አያስገባኝም (ሦስት አካውንት፣ አንድ ክሮም)

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። የግል ጂሜይሌና የሁለት መሥሪያ ቤት አካውንቶቼ አንድ ክሮም ላይ ተከፍተዋል። የስብሰባ ሊንክ የሚላክልኝ በቴሌግራም ነው። ስጫነው አንዳንዴ ፈቃድ እንድጠይቅ ያደርገኛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ መግባት አይችሉም ይለኛል። ግብዣው የመጣው በሁለተኛው መሥሪያ ቤት ኢሜይል ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፣ እባካችሁ።

መልስ 1፦
ሊንኩ ውስጥ ያለው 3፣ 4 እና 3 ሆኖ በሰረዝ የተከፈለ የ10 ፊደል ኮድ ብቻ ነው፤ የተጋበዘው ማን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ሚት የሚከፈተው በቅድሚያ ሳይን ኢን ባደረጉት አካውንት ነው፣ የእርስዎ የግል ጂሜይል ይመስለኛል። ለአዘጋጁ የውጭ ሰው ሆነው ይታያሉ።

ለነገ ቀላሉ መንገድ፦ የሁለተኛውን መሥሪያ ቤት ጉግል ካላንደር ከፍተው ሊንኩን ከዚያ ይጫኑ። ከመግባትዎ በፊት ካሜራዎ በሚታይበት ገጽ ላይ የተጻፈውን ኢሜይል ይመልከቱ፤ ሌላ ከሆነ እዚያው መቀየር ይቻላል።

መልስ 2፦
ትክክል ነው፣ ግን ለዘለቄታው አካውንቶቹን በክሮም ፕሮፋይል (የየራሱ አካውንትና መስኮት ባለው የተለየ የክሮም ክፍል) ይለያዩዋቸው። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ክብ ምስል ተጭነው አዲስ ፕሮፋይል ይጨምሩ፤ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ፣ በየራሱ ቀለም። አንድ ፕሮፋይል ውስጥ አንድ አካውንት ብቻ ይኑር፤ ሁለተኛ ከጨመሩበት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለት ነገር ያሰናክላል። የካሜራና የማይክ ፈቃድ ለየፕሮፋይሉ ለብቻው ስለሚጠየቅ፣ ከስብሰባው በፊት ገብተው ይፍቀዱ። ደግሞም ከቴሌግራም የተጫኑት ሊንክ የሚከፈተው መጨረሻ በነኩት የክሮም መስኮት ነው። መጀመሪያ የሥራውን መስኮት ጠቅ አድርጉ፣ ከዚያ ሊንኩን። ወይም ኮፒ አድርገው እዚያው ይለጥፉት።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ከካላንደሩ ስከፍተው በትክክለኛው ኢሜይል መጣ። አንዱ ስብሰባ ግን በዚያው ኢሜይል ሆኜም ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል።

መልስ 1፦
እሱ ከእርስዎ በኩል አይደለም። ያ ስብሰባ ካላንደርዎ ላይ አለ ወይስ ሊንኩ ብቻ ነው የተላከልዎ? ሊንክ መላክ ግብዣ አይደለም። አዘጋጁ መግቢያውን ለተጋበዙ ብቻ ካደረገው፣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባም ቢሆኑ ስምዎ በካላንደሩ የተጋባዦች ዝርዝር ከሌለ በር ላይ ይቆማሉ። ይህንኑ ኢሜይል በፊደሉ ጽፈው ይላኩለትና ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዎ። የግል ጂሜይልዎን አስገብቶ ከሆነም ያው በር ላይ መቆም ነው፣ አስቀድመው ይጠይቁት።