በግብፁ የመቃብር ድንጋይ ላይ የቆመው ደንገል ነው ወይስ ሌላ?

የጀልባው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ በጀልባ አመላልሳለሁ። አንዲት እንግዳዬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያነሳችውን የጥንት ግብፃውያን የመቃብር ድንጋይ ፎቶ ላከችልኝ። ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ባለ አንድ እግር ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ ቀጫጭን ነገር ተደርድሮ ቆሟል። እኔ ደንገል ነው አልኳት። አባቴ ለታንኳ አጭዶ ግድግዳ ላይ ሲያስደግፈው ቁርጥ ይህንን ነው የሚመስለው። እርሷ ግን «ምግብ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ማንኛችን ነን ትክክል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እንግዳህ ረታችህ። ዳቦ ነው። ረጅሙ ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሽ ግማሹ ጎን ለጎን ቆሞ ይቀረጻል። አንተም ብዙ አልራቅህም፤ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቀራጮቹ ራሳቸው የሸምበቆ ቅጠል አስመስለውታል። ጽሑፉ «ንጉሥ የሚሰጠው መባ» ብሎ ይጀምርና ለሟቹ ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ፣ ሺህ በሬ፣ ሺህ ወፍ፣ አልባስጥሮስና በፍታ ይቆጥርለታል። ከየት በኩል እንደሚነበብ ለማወቅ የወፎቹን ፊት እይ፤ ወደ ቀኝ ካዩ ከቀኝ ጀምር።

ዓባይ ማዶ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጌሾ ያልገባበት እንዴት ጠላ ይባላል? ገብሱን ብቻ እቀበላለሁ። ለእኔ ግን ይህ ድንጋይ ተዝካር ነው። ለአያቴ አርባ ስንት ጋን እንደተጠመቀ እናቴ እስከ ዛሬ ትቆጥራለች፤ እነርሱ አንዴ ቀርጸው ተገላገሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
ጌሾውን ተሸንፌያለሁ። ተዝካር ማለትሽ ግን ደስ አሰኘኝ፤ አንዳንዱ ድንጋይ አላፊ አግዳሚውን ይማጸናልና። በእጅህ የምትሰጠው ባይኖርህ እንኳ በአፍህ «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ» በልልኝ፤ የሚያስወጣህ ትንፋሽ ብቻ ነው ይላል። ሰው ባነበበው ቁጥር ይደገስለታል ማለት ነው።

የጀልባው ልጅ፦
ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ወፎቹ ወደ ቀኝ ያያሉ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሐይቃችን ዳር የሚበቅለውን የውሃ አበባ የመሰለ፣ ቅጠሉ ከላይ፣ አገዳው ረዘም ያለ ምልክት አራት ጊዜ አለ። እርሱስ?

ጡረተኛው መምህር፦
«ሺህ» ማለት እርሱ ነው።

የጀልባው ልጅ፦
አራት ሺህ! ነገ ለአባቴ አሳየዋለሁ። ዳቦውን ግን አያምነኝም፤ ደንገል ነው ብሎ ድርቅ ይላል።