የቪትዝ የኋላ መደርደሪያ ከስፒከር ጋር ይንቀጠቀጣል፤ በምን እንጨት ልሥራው?

ባለ ቪትዙ (ኮዬ ፈጬ)
ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ የመጀመሪያው ቅርጽ፣ የ2003 ስሪት። ከሁለት ወር በፊት ሞላላውን ስፒከር፣ ሲክስ ባይ ናይን የሚባለውን፣ ገዛሁላት። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ይላል። የሸጠልኝ ልጅ እዚያው ሱቁ በር ላይ የፋብሪካውን መደርደሪያ በቢላ ቦድሶ፣ በአራት አራት ብሎን አስሮ ሸኘኝ።

አስፋልት ላይ ደህና ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሰፈር ገብቼ ኮብልስቶኑን ስይዝ ግን ጉድ ይፈላል። ባለፈው አክስቴን ጭኜ ስሄድ ዞር ብላ አየችና «አንተ ልጅ፣ ከኋላ ፍየል ጭነሃል እንዴ?» አለችኝ።

ቤዝ ደግሞ የለውም። ይጮሃል እንጂ አይመታም። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። የኋላውን በር ከፍቼ መደርደሪያውን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ስይዘው ከበሮው ብቅ ይላል፤ ስለቀው ይጠፋል። ስለዚህ ችግሩ ከስፒከሩ አይመስለኝም። በእንጨት ልሠራው ነው። ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ ወይስ ኮምፔንሳቶ? ስንት ሚሊ? ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፍና ከሰል ስለምጭን እንደልብ መነሳት አለበት።

አናጢው (ገላን)
ወንድሜ፣ እጅህ ነግሮሃል። ያ የፋብሪካ መደርደሪያ የተሠራው ሶፍትና ጃንጥላ ሊሸከም ነው።

ቺፕውድን እርሳው። ብሎን አይዝም፤ ውሃ ከነካው እንደ ዳቦ ይነፋል። ኤምዲኤፍ ለድምፅ ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል። አንድ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ብቻውን 6 ኪሎ ይደርሳል። ስፒከሮቹን ጨምርበት። በየሳምንቱ ለምታነሳው እኔ 15 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው የምልህ። ወደ 4 ኪሎ ቢሆን ነው።

እንጨት ከመግዛትህ በፊት በካርቶን ቁረጥ። የፍሪጅ ካርቶን ይበቃል። ግራና ቀኙ እኩል ነው ብለህ አንዱን ገልብጠህ እንዳትስል፤ ሁለቱንም ለየብቻ ለካ። የስፒከሩን ቀዳዳ ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ልክ ሳል። ወረቀቱ ከጠፋ ስፒከሩን ደፍተህ ዙሪያውን ሳልና ብሎን የሚይዘውን ከንፈር ወደ ውስጥ ቀንስ። ስንቱ ነው ከንፈሩን ረስቶ ስፒከሩ በቀዳዳው ሲያልፍ ያየሁት! ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ ከላይም ከታችም ቫርኒሽ ቀባ፣ ከዚያ ሞኬቱን በማስቲሽ ለጥፍ። ሞኬቱ በጎን ምን ያህል እንደሚወፍር አስበህ እንጨቱን ትንሽ አጥብበው፤ አለበለዚያ አይገባልህም።

ናስትሮ
እንጨቱን አናጢው ጨርሶታል። እኔ ስለ ቤዙ።

ስፒከር ወደ ላይ አየር ሲገፋ ከጀርባው ይስባል። ሁለቱ አየር በክፍተት ከተገናኙ ቤዙ እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ መደርደሪያው የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የበርና የመስኮት ስፖንጅ ለጥፍ። ከወንበሩ ጋር የሚገናኝበትንም አትርሳ።

ሁለተኛ፣ የሁለቱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ። ሽቦውን ከቴፑ ንቀልና በ1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ለአፍታ ንካው። ፖዘቲቩ ትክክል ከሆነ ሸራው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ሱቅ በር ላይ ተገልብጦብሃል ማለት ነው።

1000 ዋቱን ተወው። ቴፕህ ላይ «50 በ4»፣ ማለትም ለአራት ስፒከር 50 50 ዋት፣ ቢልም አምፕሊፋየር ከሌለህ ለእያንዳንዱ ስፒከር በርትቶ የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ለዚህ መንገድ ይበቃሃል። መደርደሪያውን ስታነሳ ሽቦ እንዳትበጥስ በመሃል ሶኬት አድርግበት።

የሁለት ልጆች እናት
ስለ ቤዝ አላውቅም። ግን ቃሊቲ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ድንገት ገብቶብኝ ፍሬን ስይዝ፣ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩት ጃክ የልጄን ጆሮ ታክኮ ወንበር ስር ገባ። ጃክ እዚያ ማስቀመጤ የኔ ጥፋት ነው። አንተ ደግሞ ከነስፒከሩ 7 ወይም 8 ኪሎ የሚሆን እንጨት ከሰው ማጅራት ጀርባ ልታስቀምጥ ነው። በምንድን ነው የምታስረው?

አናጢው (ገላን)
እህቴ፣ ይሄን እኔ ማለት ነበረብኝ። በፕላስቲክ መያዣው ብቻ እንዳትተወው። በግራና በቀኝ ከመኪናው ብረት ጋር በማዕዘን ብረት እሰረው፤ በእጅ የሚፈታ ዳዶ ከሮንዴላ ጋር። ለመፍታት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባለ ቪትዙ (ኮዬ ፈጬ)
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። 15 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ጥቁር ሞኬት፣ ሁለት ማዕዘን ብረት። በግራ በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር አብዝቼ ቆረጥኩ። በስፖንጅ ሸፍኜዋለሁ፣ አታዩትም። የቀኙ ስፒከር እውነትም ተገልብጦ ነበር! ሳስተካክለው መኪና የቀየርኩ መሰለኝ። የማሰሪያውን ዳዶ አጥብቄ ጎረቤቴ መደርደሪያውን ይዞ እንዲስበው አደረግኩ። መኪናዋ ተወዛወዘች፣ እንጨቱ ንቅንቅ አላለም።

አሁን መደርደሪያው ዝም ሲል ሌላ ነገር መንጫጫት ጀመረ። ወርጄ ባየው የኋላ ታርጋዬ ነው። ከበሮ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል። ለእሱስ ምን ታውቃላችሁ?

ናስትሮ
ታርጋውን ፍታና ከጀርባው የቢስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ አድርግበት።