መኪና ልንገዛ ነው፣ በወር 453 ዶላር ነው ያሉን፣ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በዲቪ ከመጣን 8 ወራችን ነው፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው ያለነው። ባለቤቴ ማታ ይሰራል እኔ ጠዋት፣ ልጁን ዴይኬር በባስ ነው የማደርሰው፣ በስኖው ጊዜ በጣም ተቸግረናል። አንድ ዲለር ጋ ሄደን የወደድናት መኪና አለች፣ ታክሱ ምኑ ተጨምሮ 22 ሺህ ዶላር ነው ብድሩ፣ ክሬዲታችን (የብድር ታሪካችን) አዲስ ስለሆነ ወለዱ 14 ፐርሰንት፣ 72 ወር። ሁለታችንም ስለምንሰራ አያቅተንም ብለን ነው። ሰኞ እንፈርማለን፣ የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፦
እህቴ እንኳን ደህና መጣችሁ። እባክሽ ሳትፈርሙ ይሄን አንብቡት፣ እኔም ከ9 ዓመት በፊት ልክ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፣ ብድሩም ወለዱም ወሩም ካንቺ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ 453ን በ72 አባዢው። ከ32,600 ዶላር በላይ ነው። ከ10 ሺህ በላዩ ወለድ ነው ማለት ነው፣ በዛ ገንዘብ ሌላ መኪና ይገዛል። እዚያ ቢሮ ስትቀመጡ ሰውዬው "በወር ስንት ትችላላችሁ?" ብሎ ነው የሚጀምረው አይደል? አጠቃላዩን አይነግራችሁም፣ ወሩን በማርዘም ወርሃዊውን ያሳንስላችኋል። ያው ብድር በ48 ወር ቢሆን በወር 601 ትከፍላላችሁ፣ ከባድ ነው፣ ግን ወለዱ ወደ 6,900 ይወርድ ነበር።

እኛ ደግሞ አገር ቤት መኪናን የምናውቀው እንደ ንብረት ነው። ቪትስ ገዝቶ አራት አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ዘመድ የሌለው ሰው የለም፣ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክሱ ከተቀየረ በኋላማ አሮጌውም ተወደደ። ያንን አስተሳሰብ ይዘን ነው እዚህ ዲለር ጋ የምንገባው። እዚህ ግን መኪናዋ ከግቢው ከወጣች ቀን ጀምሮ ዋጋዋ ይወርዳል፣ ዕዳው ደግሞ በዛ ፍጥነት አይወርድም፣ ምክንያቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከምትከፍይው ግማሽ ያህሉ ወለድ ነው።

እኔ ይሄ የገባኝ ሁለት ዓመት ከከፈልኩ በኋላ 95 አውራ ጎዳና ላይ ከኋላ ስገጭ ነው። ጥፋቱ የኔ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን እኔም ተረፍኩ፣ መኪናዋ ግን ከጥቅም ውጭ ሆነች። ኢንሹራንሱ የከፈለው መኪናዋ በዛን ቀን የምታወጣውን ነው፣ 13,500። የቀረብኝ ዕዳ ከ16,500 በላይ ነበር። ሥራ በባስ እየሄድኩ ለሌለች መኪና 3 ሺህ ዶላር ከፈልኩ። ይሄንን ልዩነት የሚሸፍን ጋፕ የሚባል ኢንሹራንስ እንዳለ እንኳን ያኔ አላውቅም ነበር፣ እናንተ የግድ በብድር ከገዛችሁ ጠይቁ፣ ከዲለሩ ሳይሆን ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋ ብትወስዱት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ከዛ ኢንሹራንስ አለ። ብድር ካለብሽ ባንኩ ፉል ካቨሬጅ (የራስሽንም መኪና ጉዳት የሚሸፍነውን) ያስገድድሻል፣ እዚህ የመንዳት ታሪክ የሌለው ሰው ደግሞ ይወደድበታል፣ እኛ ስንጀምር በወር ከ250 በላይ ነበር የምንከፍለው። በካሽ የተገዛች መኪና ከሆነች ግን ሊያቢሊቲ (በሌላው ላይ የምታደርሺውን ጉዳት የሚሸፍነውን) ብቻ መያዝ ትችያለሽ።

ቨርጂኒያ ስለሆናችሁ ደግሞ የካር ታክሱን እንዳትረሱ፣ ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቻችሁ አያውቁትም። መኪናሽ በምታወጣው ዋጋ ተሰልቶ በየዓመቱ ለከተማው ወይም ለካውንቲው የሚከፈል ነው። አርሊንግተን ለእያንዳንዱ 100 ዶላር 5 ዶላር ነው፣ አሌክሳንድሪያ ከዛ ትንሽ ይበልጣል፣ ለግል መኪና ከመጀመሪያው 20 ሺህ ላይ የተወሰነ ቅናሽ አለ። መክፈያው ኦክቶበር 5 ነው፣ መስቀልን በልተን ሳምንት ገደማ ሲሆነን ማለት ነው። ውድ መኪና በገዛሽ ቁጥር እሱም አብሮ ይከብዳል።

ጥገናውን በተመለከተ የራሴን ልንገርሽ። አሁን የምነዳት የ2011 ኮሮላ ናት፣ በካሽ ነው የገዛኋት። ደረሰኞቹን በሙሉ አንድ ፖስታ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ አሁን አውጥቼ ደመርኩት፣ ባለፈው ዓመት አራት ጎማ 480፣ ባትሪ 190፣ የፊት ፍሬን ሸራ ከነዲስኩ 340፣ ዘይት ሦስት ጊዜ 210። በጠቅላላው 1,220፣ በወር ሲካፈል መቶ ዶላር ገደማ። ጎማውና ባትሪው በየዓመቱ የሚቀየር ነገር አይደለም፣ ግን አንድ ዓመት እነሱ ካልሆኑ ሌላ ነገር ይመጣል፣ ስለዚህ በየወሩ መቶ ዶላር ለብቻ አስቀምጡ። ያገለገለ ጎማ የምትገዢ ከሆነ ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ መስመር ውስጥ አራት ቁጥር አለ፣ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል፣ እንዳትገዢው። ልጅ ነው የምትጭኚበት።

ሌላ መልስ፦
የወንድማችን ምክር ወርቅ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እኔ የምጨምረው ባለቤትሽ በትርፍ ሰዓቱ በመኪናዋ ኡበር እሰራለሁ ብሎ አስቦ ከሆነ ነው። ብዙ ሰው ከቤንዚን የተረፈውን ሁሉ ትርፍ ይመስለዋል፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ የመኪናዋ ዋጋ መውረዱ አብሮ ነው የሚሄደው። የፌደራል ታክስ መሥሪያ ቤት ራሱ ለ2025 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ብሎ ነው ያሰላው፣ 1,000 ማይል 700 ዶላር ማለት ነው። በተረፈ ለኢንሹራንሱ ሳይነግር እንዳይጀምር፣ ተራው የግል ኢንሹራንስ ሰው ጭኖ ሲሰራ የደረሰን አደጋ አይሸፍንም። አንድ የማውቀው ልጅ በዚህ ምክንያት የገጨውን የሰው መኪና በዓመት ከምናምን ከፍሎ ጨረሰ።

ጥያቄ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ሰኞ መሄዱን ትተነዋል። ግን አሮጌ ገዝተን ካምቢዮ ቢበላሽብንስ? እጃችን ላይ ያለው 4 ሺህ ነው።

መልስ፦
ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ ካምቢዮ ከሄደ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ለዛ ነው ከመክፈላችሁ በፊት ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ጋ መውሰድ ያለባችሁ፣ 150 ዶላር አካባቢ ያስከፍላል፣ አታስመርምሩ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሄዳችሁ አስነሱት፣ ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቃችሁ ሰው የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሳልቬጅ (በጉዳት ከጥቅም ውጭ ተብላ የነበረች) የሚል ካለ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ስትሸጡትም አይሸጥም። ስሩን በባትሪ አይታችሁ ዝገቱ ፍሬሙን የበላው ከሆነም ተዉት፣ እዚህ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ነው እንደዛ የሚያደርገው።

ለጎደለው እኛ ጋ እቁብ አለ፣ 12 ሰው በወር 500፣ 6 ሺህ ይወጣል፣ አዲሱ ዙር በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። አዲስ ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች ስንሰጥ ነው የቆየነው፣ ዋስ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ እሱን እኔ እሆናለሁ። ወለድ የለበትም። እስከዛው ልጁን ዴይኬር ማድረሱን አድራሻችሁን በውስጥ ላኪልኝ፣ ባለቤቴ ጠዋት በዛ በኩል ነው የምታልፈው። መኪና ስታገኙ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ መካኒኩ ጋ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።