እናቴ ጥርሷን ትነቀል ወይስ ትቆይ? እባካችሁ ምከሩኝ

እናቴ ለምላስ ካንሰር 35 ጊዜ የጨረር ሕክምና ወስዳ ከጨረሰች 8 ወሯ ነው። የአፏ ቁስል ዳነ፤ ምራቋ ግን አልተመለሰም። ሌሊት ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቆባት ትነቃለች፤ በውኃ ካላራሰችው ቃል አይወጣትም። አሁን ደግሞ የታች ጥርሶቿ ከድዷ ጥግ ጠቁረው እየተሸረፉ ነው። አንዱማ እንቅልፍ ነስቷታል።

የጥርስ ሐኪሙ ዛሬውኑ ይነቀል አሉን። ጨረር ያረፈበት የመንጋጋ አጥንት ግን የደም ዝውውሩ ስለሚዳከም የተነቀለበት ቦታ ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት እንደሚችል አውቃለሁና እሺ ማለት አቃተኝ። (ጨረሩ ሳይጀመር ጥርሷን አለማስመርመሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።)

ሳይነቀል ሥሩን ብቻ ማከም ይቻል ይሆን? መንጋጋዋ ላይ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) እንዳረፈ መጀመሪያ የጨረር ሐኪሟን ልጠይቅ? በዚህ ያለፋችሁ፣ ሙያውም ያላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ቀጠሮዋ ከነገ ወዲያ ነው።