የመዘዞ ኦፓል ሐብል ተሰነጠቀብኝ፤ የገዢዋን ገንዘብ ልመልስ?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ የጆሮ ጌጥ፣ አምባርና ሐብል እሠራለሁ። በብዛት ናስና ጨሌ፣ አልፎ አልፎ ብር። የኛ ብርድ ደግሞ አያሠራም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ 11 ሰዓት ካለፈ ጣቴ ፒንሳ አይጨብጥም፣ ማጣበቂያውም ቶሎ አይደርቅም።

ባለፈው ወር ከመንዝ የመጣ ሰው ቡናማ የመዘዞ ኦፓል፣ እዚያው መንዝ የሚወጣ የጌጥ ድንጋይ፣ ይዞ መጣ። አገላብጬ ሳየው ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ይላል፤ አላስችል አለኝና አምስት ፍሬ ገዛሁ። አንዱን በብር አሰርኩና ለአንዲት መምህርት በ1,800 ብር ሸጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደወለች፦ «መሐሉ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።» አልጣልኩትም ትላለች፣ አምናታለሁ። ድንጋዩና ብሩ ብቻ 1,300 ወጥቶበታል። ከመለስኩላት የፎቶ ኮፒ ደሞዜ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ካልመለስኩ ደግሞ ከተማው ትንሽ ነው፤ ነገ መምህራን ሁሉ ይሰማሉ። እንዲያውም ሰሞኑን ሳስበው ጌጡ እኔን ሳይሆን ደሞዜ ጌጡን የሚቀልበው ይመስለኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

አንጥረኛው፦
ልጄ፣ መልሺላት። ጥፋቱ ግን ያንቺም የሷም አይደለም። ኦፓል በውስጡ ውኃ አለው። ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የመዘዞው ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። የወሎው፣ የደላንታው ማለቴ ነው፣ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ውኃ ይጠጣል። ሲነከር ብልጭታው ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለስለታል። ስለዚህ ድንጋይ እንደገዛሽ አትሥሪው። ወራት አስቀምጪው፤ የሚሰነጠቀው አንቺው ቤት ይሰነጠቅ። እሳት ያለበት ሥራ ከሆነም ብየዳውን ጨርሰሽ፣ ድንጋዩ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ዋጋሽ ግን አሳዘነኝ። አባቴ ጋ ሰው የራሱን ማርትሬዛ ጠገራ ብር ይዞ ይመጣ ነበር፤ 1780 የተጻፈባትን፣ 28 ግራም ገደማ የምትመዝነውን። አባቴ አቅልጦ መስቀል ያወጣለትና የእጁን ብቻ ይቀበላል። ብሩ የባለቤቱ ነው፣ እጅ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። አንቺ ለእጅሽ 500 ብር ነው የያዝሽው። ስንት ቀን ፈጀብሽ?

የጠባሴዋ፦
ሦስት ከሰዓት፣ ጋሼ። መርካቶ ሄጄ ብሩን የገዛሁበትን ትራንስፖርት እንኳ አልቆጠርኩም። አሁን ሲጠይቁኝ ነው ያፈርኩት።

የሸዋ ሮቢቷ፦
እኔ ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። መጀመሪያ ሌላ ድንጋይ ልቀይርልሽ በያት፤ እንቢ ካለች ነው ጥሬ ገንዘብ የሚመለሰው። ብሩ እንደሆነ አልተሰነጠቀም! ለወደፊቱ ደግሞ በትእዛዝ ሥሪ፣ ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ፣ የድንጋዩን ጠባይ አስቀድመሽ ንገሪ። እኔ ሳልናገር ሸጬ የተጣላኋት ደንበኛ አለች፤ ዛሬም ገበያ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞራለች።

ደሞዝሽን በተመለከተ፣ እኔ ግማሽ ቀን ፋርማሲ ነው የምሠራው። ደሞዜ በገባበት ቀን በቀጥታ እቁብ ይገባል። ጌጡ ሽቦ ከፈለገ ራሱ ሸጦ ይግዛ። መጀመሪያ ሁለት ወር ምንም መግዛት አልቻልኩም ነበር፤ ያኔ ነው ምን ያህል ከደሞዜ ስበላ እንደኖርኩ ያወቅኩት።

የመንዙ ልጅ፦
መዘዞን ባትሰድቡብን። ብርድ የለመደ ድንጋይ ነው፤ አንገት ላይ ሲውል ሞቆት ይሆናል።

የጠባሴዋ፦
ሃሃ! እንግዲህ የመምህርቷን አንገት በረዶ ላልብሰው?

ለማንኛውም ደወልኩላት። «ገንዘቡን ተይው፣ ሌላ ድንጋይ አድርጊልኝ» አለችኝ። ለጊዜው ጥቁር ጨሌ አሰርኩላት፤ ደህና ድንጋይ ሲገኝ እቀይረዋለሁ። የቀሩትን አራት ኦፓሎች የጫማ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት ሳያቸው አንዷ ከጠርዟ ጀምራለች።