የላሜ ጡት አብጧል፤ አንቲባዮቲክ ከወጋኋት ኦርጋኒክነቱ ቀረ ማለት ነው?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የኋላ ግራ ጡቷ አብጦ ድንጋይ ሆኗል። ወተቱ ውሃ መስሏል፣ ጓል ጓልም አለው። የኦርጋኒክ፣ ማለትም ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የማመርት ለመሆኔ ምስክር ወረቀት ላገኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ አልፈልግም። በነጭ ሽንኩርት የሚድን አለ?

ወተት ቤት፦ አይዞህ። ቶሎ ቶሎ አልባት፣ የታመመው ጡት ባዶ ይሁን። ነጭ ሽንኩርቱን ለድስቱ ተወው።

አረንጓዴ ማሳ፦ ችግሩ ከሥሩ ነው። በኢንቴንሲቭ እርባታ፣ ማለትም ብዙ ምርት ለማግኘት ተብሎ በሚደረግ የተጠናከረ እርባታ፣ ላም እንደ ማሽን ነው የምትታየው። ብዙ ወተት እንድትሰጥ ተመርጣ ትዳቀላለች፤ ብዙ የምትታለብ ላም ደግሞ ለጡት በሽታ ይበልጥ ትጋለጣለች። ለጤነኛ ከብት ሳይቀር እንዲፋፋ ተብሎ አንቲባዮቲክ በመኖ ይሰጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሙሉ በሙሉ የከለከለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ኦርጋኒክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦ እውነትህን ነው፤ ግን አሁን ምን ላድርግ? መኖም አልነካችም።

ባለ ብዙ ላም፦ እኔ ኢንቴንሲቭ ነኝ፤ ላሞቼንም እወዳለሁ። የታመመችውን በሰዓቱ አሳክማለሁ። ለወረቀት ብሎ እንስሳ ማሠቃየት ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው? በሰብልም ቢሆን የኦርጋኒኩ ምርት ከሌላው በአማካይ 20 ከመቶ ገደማ ያንሳል። የጎደለውን ለመሙላት ስንት ደን ይመንጠር?

አረንጓዴ ማሳ፦ ከሚመረተው ምግብ ስንቱ ይጣላል? መጀመሪያ እሱን እናድን።

ደንብ አዋቂ፦ ወንድሜ፣ ኦርጋኒክ ማለት መድኃኒት መከልከል ነው ያለህ ማነው? በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሌላው ካልሠራ አንቲባዮቲክ በሐኪም ይፈቀዳል፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ወተቱ የማይሸጥበት ጊዜ ግን ከተለመደው እጥፍ ይሆናል። በአሜሪካ የታከመችው ላም ከኦርጋኒክ ትወጣለች። ሆኖም ደረጃዋን ለማትረፍ ብለህ ሕክምና ብትከለክላት ደንብ መጣስ ነው። የአንተን ደንብ መርማሪህን ጠይቅ፤ ሐኪሙን ግን አስቀድም።

የገጠር ልጅ፦ ቶሎ ቶሎ አልባት፣ ይለቃታል።

የከብት ሐኪም፦ መኖ ካቆመች ማለብ ብቻውን አይበቃም። ትኩሳቷን በፊንጢጣ ለካ። ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ወይም መቆም ካቃታት ደግሞ በሰዓታት ልትሞት ትችላለች፤ ያኔ ትኩሳቱ ዝቅ ቢል እንኳ እንዳትዘናጋ። ከመድኃኒቱ በፊት በንጹሕ ዕቃ የወተት ናሙና ያዝ፤ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ይታወቃል። አንዳንዱ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ላያስፈልገው ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ግን አትንፈጋት። እሷን መጨረሻ አልባት፣ ወተቱን ለጥጃም አትስጥ።

ጠያቂ፦ 40.7 ነው! ለሐኪም እየደወልኩ ነው።

የከብት ሐኪም፦ ጥሩ። ናሙናውን ከመርፌው በፊት፣ እንዳትረሳ።

ወተት ቤት፦ እንዴት ሆነች?